አያት ፍለጋ በባቡር

ማርስታል፣ ኤሮ ደሴት
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1974

ለቦዲል፣ ከሁለት ልጅና ከሦስት ሻንጣ ጋር ለምትታገለው፤

እንዴት ነሽ ብዬ ብጠይቅሽ እውነቱን ስለማትነግሪኝ እኔው ልንገርሽ፦ ደክሞሻል፣ ወገብሽን ቆርጦሻል፣ ኤስበን በየጣቢያው «ጣልያን ደረስን?» እያለ ጆሮሽን በልቶታል። ከሃምቡርግ የላክሽው ፖስት ካርድ ዛሬ ደረሰኝ። ግማሹን ቦታ ኤስበን መርከብ ሥሎ ጨርሶታል፤ ያንቺ ወሬ ጠርዙ ላይ እንደ ጉንዳን ተሰልፏል። ሁለት መነጽር ደርቤ አነበብኩት።

ደግሞ መርከቡ ባቡራችንን ዋጠው ብሎ አለቀሰ? ጉድ ነው! ዕድሜውን በመርከብ ላይ የጨረሰ ሰው የልጅ ልጅ፣ ባቡር መርከብ ሆድ ውስጥ ሲገባ ያለቅሳል? ንገሪው፤ መርከብ ባቡር የሚውጠው እኔ ሐኪም ያዘዘልኝን ክኒን እንደምውጠው ነው። ማዶ ሲደርስ ይተፋዋል።

ስለ ባልሽ ጠይቀሻል። ሳቬሪዮ ደህና ነው። ሥራ ይሄዳል፣ ማታ እኔ ጋ ይመጣል፣ ያበሰልኩትን አይቶ «አባባ፣ ይሄ ዓሣ ምን በደለዎት?» ይላል፣ ከዚያ በወይራ ዘይት አጥቦ ይበላዋል።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ግን ልብ ብዬ ልመልስ። «ሞኝነት ነው ወይ?» ብለሻል። አዎ፣ ሞኝነት ነው። በዚህ በረዶ፣ ጡት ከምትጠባ ልጅና አምስት ዓመት ከሞላው ወሬኛ ጋር፣ አውሮፓን ከላይ እስከ ታች በባቡር ማቋረጥ፣ ያውም አይተሻት ወደማታውቂ አማት ቤት፣ ይሄ ሞኝነት ካልሆነ ሞኝነት የሚባል ነገር የለም። ግን ምን ይደረግ? ሳቬሪዮ «እናቴ ካልጻፈችልኝ አገሬን አልረግጥም» ብሎ ምሏል። እናቱ ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ አግብቶ በፖስት ካርድ ያረዳኝ ልጅ፣ መጥቶ ደጄ ካልቆመ አንዲት ቃል አልጽፍለትም» ብላ ምላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት በቅሎ አንድ ድልድይ ላይ ግንባር ለግንባር እንደተፋጠጠ ነው። እናትሽ ካለፈች ወዲህ ደግሞ ልጆቹ አያት ብለው የሚጠሩት ይሄን ጥርሰ ወላቃ ብቻ ነው። ሴት አያት ፍለጋ መውጣትሽ ሞኝነት ነው፤ ግን ደስ የሚል ሞኝነት ነው።

አሁን ደግሞ አንቺ መልሺልኝ፦ መምጣትሽን ለእሜቴ ኢማኮላታ ነግረሻታል? (ስሟ እንዴት ይረዝማል! ጠርቼ እስክጨርስ ጀልባው ወደብ ይደርሳል።)

ቶቨን ሁለቱንም ጉንጯን፣ ኤስበንን ግንባሩን ሳሚልኝ። የእሱ ጉንጭ መቼም ጃም አያጣውም።

አባትሽ ቶርኪል


ሙኒክ
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1974

አባዬ፣

ስለዘገየሁ አትቆጣኝ። እስካሁን ሮም መድረስ ነበረብን፤ እኛ ግን እዚሁ ሙኒክ፣ የድሮ ጓደኛዬ ቤት ታግተን ተቀምጠናል። ኤስበን ጉድፍ ወጣበት። ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጣቱ ቀይ ነጠብጣብ ሆኗል። ሐኪሙ ሳይደርቅ ባቡር አትሳፈሩ ብሎናል። ቶቨ እስካሁን ደህና ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ገልጬ ሳላይ ቁርስ አይወርድልኝም።

ስለ መንገዱም ልንገርህ። መንገዱማ አሪፍ ነበር። የታጠበውን የሽንት ጨርቅ የባቡሩ ማሞቂያ ላይ ዘረጋሁት። በሩን የከፈተ ሁሉ ሽታው ሲቀበለው «ይቅርታ» ብሎ ሌላ ክፍል ፍለጋ ይሄዳል፤ ሰፊ ቦታ አገኘን። ያልሸሹት አንዲት መነኩሲት ብቻ ናቸው። ቶቨን ከላይ የሻንጣው መረብ ላይ ሳስተኛት ክው አሉ። ከዚያ «ብትወድቅስ?» እያሉ ሁለት እጃቸውን ከሥሯ ዘርግተው እስከ ሃኖቨር ድረስ ጸለዩላት። ኤስበን «እማዬ፣ እኝህ ሴትዮ ዝናብ ነው የሚጠብቁት?» አይለኝም!

ያን ጥያቄህን ዘልዬው ላልፍ ነበር። እንደማትተወኝ ስለማውቅ ግን ልመልስ፦ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው አትምጪ ይሉኛል፤ አትምጪ ካሉኝ ደግሞ መሄድ አልችልም። ዝም ካሉኝ ግን መሄድ እችላለሁ። እንዲህ ብዬ ነው ራሴን ያታለልኩት።

የምፈራውን ታውቃለህ? በራቸው ላይ ቆሜ፣ ልጆቹን አስቀድሜ፣ እሳቸው ከፍተው አይተውን «ልጄን ስጠብቅ ሦስት እንግዳ ላከብኝ?» ቢሉስ? ሳቬሪዮ ያን ቀን ከማዘን ሌላ ምን ይቀረዋል? ስለ እናቱ አያወራም እንጂ፣ ቶቨ የተወለደች ለታ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ከፍቶ ያለቀሰው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ማታ ማታ ምን ያደርጋል? አንተ እየው እንጂ አትጠይቀው። መልስህን ሮም ዋናው ፖስታ ቤት በስሜ ላክልኝ፤ እዚያ ሄጄ እወስደዋለሁ።

ቦዲልህ


ማርስታል
ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1974

ቦዲል፣ የእኔ ፈሪ፣

ነጠብጣቡ ደረቀ? ለኤስበን፣ የእኛ ባሕር ጠፍጣፋ ዓሣም ቀይ ነጠብጣብ አለበት በይው። ግን ሲያክ አይቶት ያውቃል? አያክም። እሱም እንዳያክ። ካከከ በቅቤ ጠብሼ እበላዋለሁ።

ማታ ማታ ምን ያደርጋል ብለሽ ነበር። «የት ደረሱ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ኩራቱ አይፈቅድለትማ። ድመቷን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና «ሙኒክ ዛሬ ይበርድ ይሆን?» ይላታል። እኔ ከጓዳ ሆኜ «ሚያው፣ ይበርዳል!» እላለሁ። ከዚያ አይስቅም፣ አይቆጣም፤ ብቻ ራቱን ደህና አድርጎ ይበላል። ደብዳቤሽን ሳነብ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ ምድጃውን ይቆሰቁሳል። እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል።

ስለ በሩ ጭንቀትሽ፦ በር ላይ የቆመ ልጅ ጥሩ ነገር አለው፤ ሽንቱ ይመጣበታል። ኤስበንን አስቀድሚው። ዓለም ላይ የቱንም ያህል ኩሩ ሴት ብትሆን «ሽንቴ መጣ» ያለ ልጅ ፊት በር አትዘጋም።

ከገባሽ በኋላ ደግሞ «ጠገብኩ» እንዳትይ። አንድ የመርከብ ባልደረባዬ ኔፕልስ ላይ ሰው ቤት ተጋብዞ አራተኛውን ሳህን ሲያቀርቡለት «ጠገብኩ» ብሎ፣ የቤቲቱ እመቤት የታመመ መስሏት ቄስ አስጠራችበት። ብዪ። ካልቻልሽ ለኤስበን አሳልፊው። እሱ ካልቻለ ኪስሽ ምን ሠራ?

አንድ የማልወደውንም ልንገርሽ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አማትሽ እንድትወድሽ እመኛለሁ፤ መልሼ ደግሞ ብዙም እንዳትወድሽ እመኛለሁ። በጣም ከወደደችሽ ልጆቹ ወይንና ፀሐይ ለምደው ይቀራሉ፤ እኔ ከድመቷ ጋር ሚያው እያልኩ እቀራለሁ። ይሄን አንብበሽ ቅደጂው።

ቶርኪል፣ ገና በሕይወት ያለው


ሮካማራ፣ ካላብሪያ
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1974

አባዬ፣

ይሄን ደብዳቤ ለሳቬሪዮ አታሳየው። ጀርባውን ሰጥቶህም ቢሆን እሱ ባለበት አታንብበው።

ደርሰናል፣ ልጆቹ ደህና ናቸው። ማክሰኞ ነው የገባነው። በሩን አማቴ ራሳቸው ከፈቱ። ኤስበንን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «የአባቱን ጆሮ ይዟል» ብለው ዞር አሉና በሩን ሳይዘጉት ወደ ውስጥ ገቡ። ይሄ «ግቡ» ማለት እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ደጁ ላይ ደርቀን ቀረን። ለኤስበን ግን ወዲያው ገባው፣ ሽንቱ መጥቶ ነበር።

የሳቬሪዮን ቋንቋ ቤት ውስጥ የተማርኩት በጅቶኛል፤ የሚሉት ሁሉ ይገባኛል። ሦስት ቀን «ብሉ» ብቻ ነበር። ሽምብራ ሾርባ፣ ደረቅ በለስ፣ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ቋሊማ፤ ጠገብኩ አላልኩም። በሦስተኛው ቀን ማታ ኤስበን ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ እግራቸው ሲደነዝዝ እንኳ አልቀሰቀሱትም። በቃ ተሳካ አልኩ።

ትናንት ሁሉንም አበላሸሁት።

ከምሳ በኋላ ቶቨን ጠቅልዬ፣ በታጣፊዋ የሕፃን ጋሪ ደጅ አስተኝቼ፣ ሳህን ላጥብ ገባሁ። በረዶው ለስለስ ብሎ ይጥል ነበር። ሁለቴ እንኳ አላሰብኩበትም፤ እኔን ደጅ አስተኝታችሁ አሳደጋችሁኝ፣ እኔም ኤስበንን እንዲሁ፣ በመንደራችን በዚህ ሰዓት ደጁ ላይ ጋሪ የሌለበት ቤት የት አለ? እሳቸው ለካ ከጎረቤት ሲመለሱ አገኟት። ጩኸታቸውን እስካሁን እሰማዋለሁ። ቶቨን ጉያቸው ውስጥ ከተው ወደ ምድጃው ሮጡ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዷ «ጥላት ልትሄድ ነበር» አለች፣ ሌላዋ ክፉ ዓይን እንዳያያት ብላ ቀይ ክር አሰረችላት። ቶቨ ደግሞ ከእንቅልፏ ስለተቀሰቀሰች ታለቅሳለች፤ «አያችሁ፣ ብርዱ መቷት ነው» ይላሉ።

እሳቸው ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «አገራችሁ ልጅ እንደ ልብስ ነው የሚሰጣው?»

እሱንስ እችለው ነበር። በኋላ ግን ሰዉ ሲሄድ ቀስ ብለው «ልጄስ? ይሄን እያየ ዝም ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። ሳቬሪዮ በዚህ ነገር አንድም ቀን ተናግሮኝ አያውቅም፤ ምንም ብሎኝ አያውቅም አልኳቸው። «እንግዲያውስ እኔ የወለድኩት አይደለም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቶቨን ለማጥባት ብቻ ነው የሚሰጡኝ።

በረዶው መንገዱን ዘግቶታል፤ ፖስታ ብቻ በበቅሎ ይመላለሳል። ሲከፈት በመጀመሪያው አውቶቡስ እንወጣለን። ይቅርታ አባዬ። ላስታርቅ መጥቼ ልጅነቱን አስክጄበት ልመለስ ነው።

ቦዲል


ቴሌግራም
ፌብሩዋሪ 28

ዕቃሽን ፍቺ። አውቶቡስ እንዳትሳፈሪ። ደብዳቤ እየመጣ ነው። ቶርኪል


ማርስታል
ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1974

ቦዲል፣ ልጄ፣

ቴሌግራም ላይ አይቀለድም፤ የፖስታ ቤቷ ልጅ ቃል በተጨመረ ቁጥር ታፈጥብኛለች። እዚህ ግን እንደልቤ ነኝ።

መጀመሪያ፦ ሳቬሪዮ አላየውም። ደብዳቤሽ የውስጥ ኪሴ ውስጥ ነው። እሱ ግን ከትናንት ጀምሮ ኪሴን እያየ ነው የሚያወራኝ።

ሁለተኛ፦ ልጅሽን ከብርድ ነጥቃ ወደ እሳት የሮጠች ሴት ጠላትሽ አይደለችም። ጠላትሽ ብትሆን በሩን ዘግታ ሾርባዋን ትጠጣ ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ የማላወራው ነገር ነበር፤ ቃል ገብቼ ነበርና። አሁን ቃሌን ላፈርስ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ቃል ባፈርስ ጥርሴ ከዚህ በላይ አይወልቅ።

ኤስበን የተወለደበት ክረምት ትዝ ይልሻል? አንቺ ዳቦ ቤቱ ገብተሻል፣ ሳቬሪዮ ገና ሥራ አላገኘም። ልጁን አጥብተሽ፣ ጠቅልለሽ፣ ደጅ አስተኝተሽ ትሄጃለሽ። አንድ ቀን ብቅ ስል ባልሽ ጋሪው አጠገብ በተደፋ የዓሣ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ብስክሌት ይፈታል። በነጋታውም ይፈታል። በሳምንቱም ይፈታል። «ምን ሆነብህ?» ስለው «ሰንሰለቱ» ይላል። ቦዲል፣ ያ ብስክሌት ምንም አልነበረበትም! መጨረሻ ላይ የታመመው ከመፈታቱ ብዛት ነው። በረዶ ሲጥል በአንድ እጁ ጃንጥላውን ለጋሪው ይይዛል፣ የእሱ አናት ነጭ ይሆናል። መንገደኛ ሲያልፍ ጃንጥላውን ጥሎ መፍቻ ያነሳል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ነበር። አንቺ ልትመጪ ስትይ ሳጥኑን መልሶ፣ ውስጥ ገብቶ፣ እግሩን ምድጃ ላይ ሰቅሎ ይጠብቅሻል።

አንድ ቀን በሳቅ ልሞት ስል እንዲህ አለኝ፦ «አባባ፣ ቦዲል የምታደርገውን ታውቃለች። እዚህ ልጅ የሚያድገው እንዲህ ነው፣ ልጁም ደህና ነው። ግን እኔ ውስጥ ሆኜ እሱን ውጭ ማድረግ አልቻልኩበትም። አደራዎን እንዳይነግሯት። አላመነኝም ብላ ትከፋለች።» እኔም መሳቄን አቆምኩ። በቶቨ ጊዜማ ሥራ ገባ፤ የምሳ እረፍቱን የት የሚያሳልፍ ይመስልሻል?

ይሄን ለእሜቴ ኢማኮላታ አንብቢላት። ካነበብሽላት በኋላም የወለድኩት አይደለም ካለች፣ ያኔ ዕቃሽን እሰሪ።

አባትሽ


ሮካማራ
ማርች 7 ቀን 1974

አባዬ፣

ደብዳቤህን መጀመሪያ ብቻዬን፣ ፍየሎቹ ቤት ገብቼ አነበብኩት። ስለ አንተ ዝምታና ስለ ባሌ ብስክሌት ቤት ስመለስ የምንነጋገረው አለን! ለዚያ ብስክሌት አዲስ ሰንሰለት በልደቱ የገዛሁለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ቀና ሳይሉ «ሽማግሌው ምን ይላል?» አሉ። እያየሁ ወደ ቋንቋቸው እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ብስክሌቱ ጋ ስደርስ እጃቸው ቆመ።

«መፍቻ ይዞ?» አሉኝ።

«መፍቻ ይዞ።»

«ምንም ሳይሆን?»

«ምንም ሳይሆን።»

«እስቲ እሱ ላይ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። ሽርጣቸውን አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አላወቅሁም፣ እሳቸውም ያወቁ አልመሰለኝም። ከሽርጡ ሥር «የእኔ ጅል» ሲሉ ብቻ ሰማኋቸው። «የእኔ ጅል፣ የእኔ ጅል።» ከዚያ ቶቨን አንስተው፣ ሳልጠይቅ ሰጡኝ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ቶቨን በሁለት ሹራብ፣ በአንድ ኮፍያና በራሳቸው የሱፍ ሻርፕ ጠቀለሏት፤ አፍንጫዋ ብቻ ቀረ። «አንድ ጊዜ። ለሙከራ ነው» አሉ። ጋሪውን ደጅ ገፉት። ከዚያ ወንበር አወጡ፣ የፍም ማንደጃውን እግራቸው ሥር አስቀመጡ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። አንዷ ጎረቤት «ኢማኮላታ፣ ምነው አበድሽ? በዚህ ብርድ?» አለቻቸው። «ደጄ ላይ አየር ብቀምስ ማንን ልጠይቅ ነው?» አሉ። ቆይቼ በመስኮት ሳይ ቶቨም እሳቸውም ተኝተዋል። ሁለቱም ያንኮራፋሉ። አሁን ከምሳ በኋላ ያ መንገድ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚያልፍ የለም፤ ይቆጡታል።

መንገዱ ተከፍቷል። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። እኔም እሳቸውም ያላየን መሰልን።

ለሳቬሪዮ ይጻፉለት ብዬ ለመንኳቸው። እንቢ አሉ። «መሐላ መሐላ ነው» ይላሉ። እሱም ሳይጻፍለት አይመጣም፤ እዚያው ነን አባዬ፣ ድልድዩ ላይ። ሌላውን ሁሉ አግኝቼ እሱን አጣሁት።

ይሄን ጽፌ ልዘጋው ስል እስክሪብቶዬን ወሰዱብኝ። «ለልጄ አይደለም፣ ለሽማግሌው ነው» አሉና ከወረቀቱ ግርጌ በእጃቸው አንድ መስመር ጻፉ። እንዲህ ይላል፦ «ይቅርታ ጌታዬ፤ ያኔ በረዶው ላይ ሲቀመጥ ኮት ነበረው? ኢማኮላታ።»

ቦዲልህ


ማርስታል
ማርች 13 ቀን 1974

ለሁለቱ ሴቶች፣ ለአንኮራፊዋ ሕፃንና ጃም ለማያጣው፤

እሜቴ ኢማኮላታ ጥያቄ ጠይቃኛለች፤ ጨዋ ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል። ችግሩ እኔ አርጅቻለሁ። የዓሣ ሳጥኑን አስታውሳለሁ፣ ብስክሌቱን አስታውሳለሁ፣ ኮቱን ግን ፈጽሞ አላስታውስም። (ቦዲል፣ አትሳቂ።)

ስለዚህ ሳቬሪዮ ራቱን ሲበላ ደብዳቤሽን አጥፌ፣ ያቺ አንዲት መስመር ብቻ እንድትታይ አድርጌ ሳህኑ አጠገብ አኖርኩለት። «ልጄ፣ ይሄ ለእኔ የተጻፈ ነው፤ ትዝ አላለኝም፤ ምናልባት አንተ ታውቅ እንደሆነ» አልኩት። ጽሕፈቱን ሲያይ ሹካው አየር ላይ ቀረ። አንድ መስመር ለማንበብ እንደዚያ የቆየ ሰው አይቼ አላውቅም። ተነስቶ ወጣ። ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል፤ ንፋሱ ነው አለኝ። እኔም ንፋሱማ ኃይለኛ ነው አልኩት፤ ያን ማታ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ነበረኝ» አለ በመጨረሻ። «ኮትማ ነበረኝ። ጋሪው ላይ ደርቤው ነበር።»

«እንግዲያው እንዲህ ብለህ ጻፍላት።»

«ይሄ በደብዳቤ አይመለስም።»

«እሷ እኮ ላንተ አልጻፈችም። ለእኔ ነው የጻፈችው» ብዬ ነካ አደረግሁት።

«አባባ፣ በእግዚአብሔር፣ አሁን እንኳ አይቀልዱ» አለና እጄን ይዞ ሳመኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሞኝ አያውቅም፤ ሰላምታችን ራስ መነቅነቅ ነበር። ከዚያ ያቺን መስመር እንድሰጠው ለመነኝ። ቀድጄ ሰጠሁት፤ ደብዳቤሽ ጅራተ ቆራጣ ሆኗል።

ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ ሄደ። ይሄ ሲደርስሽ እሱ ቀድሞ ደርሶ ደጃፋችሁ ላይ ቆሞ ይሆናል። ቤቱ በአንዴ ሰፋብኝ። ድመቷ በየክፍሉ ትፈልገዋለች፤ እኔም ከኋላ ከኋላዋ እሄዳለሁ። አትቸኩሉ፣ እስኪበቃችሁ ተቀመጡ። ውሸቴን ነው፤ ለፋሲካ እንድትመለሱ። ከፈለገች እሷንም ይዛችሁ ኑ፤ ደጅ ወንበር አወጣላታለሁ።

የመጨረሻውን ለእሷ አትንገሪያት። ከቤት ስንወጣ ሳቬሪዮ ከችኮላው የተነሳ በሹራብ ብቻ ነበር። ኮቱ መስቀያው ላይ መቅረቱን አይቻለሁ። ወደቡ ድረስ አብሬው ሄድኩ፤ ጀልባው ገመዱን ሲፈታ ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ስድስት ዓመት ዝም ያለች እናት በሩን ስትከፍት፣ ወሬ የምትጀምርበት ነገር ያስፈልጋታል።

አባትሽ ቶርኪል